ሞተር የሚጠፋበት ዋርካ

ባለፈው ሳምንት ለዓይኔ የታዘዘልኝን ጠብታ ገዝቼ ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ወልድያ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ሽቅብ ሲወጡ ሞተሩ ያቃስታል፣ ቁልቁል ሲወርዱ ነጂዎቹ ቁልፉን ያጠፉታል። ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን የሚሰለፍ ሰው እንዲህ ቢያደርግ አይፈረድበትም። የእኔውም ነጂ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስ ቁልፉን መለሰና ሞተሩ ጸጥ አለ። የንፋሱና የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ። ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ረገጠ።

«አብራው» አልኩት።

«እማማ፣ ቁልቁለት እኮ ነው። በነጻ ነው የምንወርደው» አለኝ እየሳቀ።

«አብራው። ካልሆነ አውርደኝ።»

አወረደኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ የምሰማ አልመሰላትም፤ «ወይኔ፣ ሲፈሩ!» አለችው። እውነቷን ነው። የቀረውን መንገድ በእግሬ እየወረድኩ ፍርሃቴ ስንት ዓመት እንደሞላው አሰላሁ። ከልጆቼ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል።

የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ከደብዳቤ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም፤ ስለ ራሴ ማውራትም አይሆንልኝም። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ነገሩን ያዩ ሰዎች እያለቁ ስለሆነና የሚያወሩትም ሰዎች ሌላ አድርገው ስለሚያወሩት ነው።

አባቴ እንድሪስ ነጂ ነበሩ። ቀለሟ የተላላጠ ሰማያዊ አሮጌ ፒካፕ ነበረቻቸው፤ ኋላዋ በሸራ የተሸፈነ፣ በግራና በቀኝ የእንጨት አግዳሚ የተሠራላት። ጠዋት ከወልድያ ሰው ጭነው ወደ መርሳ ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከሐብሩ የአትክልት ቦታዎች ማንጎ፣ ብርቱካንና ዘይቱን ጭነው ይመለሳሉ። የዘይቱን ሽታ የማይለቅ ነገር ነው። ሸራው፣ አግዳሚው፣ የአባቴ ካፖርት፣ የቤታችን መጋረጃ ሳይቀር ዘይቱን ዘይቱን ይል ነበር።

እኔ ትምህርት ጨርሼ የፈተና ውጤት እየጠበቅኩ ነበር። እናቴ «ቤት ከምትጎለቺ አባትሽን እርጂ» አለችኝና ጋቢና ከአባቴ ጎን መቀመጥ ጀመርኩ። ሥራዬ አንድ ነበር። መኪናዋ ስትቆም አባቴ ወርደው ኮፈኑን ይከፍታሉ፤ እኔ ወደ ነጂው ወንበር እሸጋገርና ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጁን በእግሬ እይዛለሁ። «ትንሽ ስጫት… በቃ… ልቀቂ… አሁንም ስጫት» ይላሉ ጭንቅላታቸውን ኮፈኑ ውስጥ ቀብረው። ፊታቸውን አላይም፤ ድምፃቸውንና የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። ሞተር መስማት የተማርኩት እንዲህ ነው።

ሕመሟ የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። መኪና ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር መካኒኮቹ ሚኒሞ ይሉታል። የእኛዋ ሚኒሞዋ ተበላሸ። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ አክታ እንደያዘው ሰው ይንቋቋል፤ ከዚያ ድንገት ትንፋሹ ይቆማል። ዳገት ስትወጣ ግን ምንም አትልም፤ ጭነቷን ተሸክማ እንደ በቅሎ ትወጣለች። የሚያማት ስታርፍ ነበር።

የአባቴ መካኒክ ጋሽ ገብሩ ይባሉ ነበር። ወላጆቻቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ለጨዋታ የማይሰንፉ ሰው ናቸው። ከአባቴ ጋር በዒድና በፋሲካ የማይጠያየቁበት ዓመት አልነበረም። ካርቡራተሩን፣ ቤንዚኑና አየሩ የሚቀላቀሉበትን ዕቃ ማለት ነው፣ ፈትተው አጠቡት፤ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በአፋቸው ነፉ፤ ካንዴላዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ።

«ቤንዚኑ ነው እንድሪስ» አሉ ከንፈራቸውን እየጠረጉ። «ከበርሜል የሚቀዳ ቤንዚን ግማሹ ዝገት ነው። እስኪ ራስህ ቅመሰው፣ ብረት ብረት ይላል።»

«ልትጠጪው ነው የፈታሽው በይኛ!» አሉ አባቴ፣ ጋሽ ገብሩን ሲያበሽቁ በሴት አንቀጽ እየጠሩ።

ሁለት ቀን ደህና ሆነች። በሦስተኛው ያው።

የሚገርመው የምትጠፋበትን ቦታ መምረጧ ነው። ሌላም ቦታ ትጠፋ ነበር፤ ግን ከሲሪንቃ አልፎ ወደ መርሳ ሲወረድ አንድ ረጅም ቁልቁለት ነበር፣ እዚያ ሳትጠፋ አትውልም። የቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፍና ትንሽ ደልደል ይላል። መታጠፊያው ላይ ጥላው መንገዱን የሚሸፍን ትልቅ ዋርካ ነበር። ከዋርካው ወዲያ ገደል ነው፤ ታች በበጋ የማይደርቅ ጅረት ይሰማል።

ዘመኑ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ነበር። ስለዚህ ነጂ ሁሉ ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ያወጣና መኪናውን በገዛ ክብደቱ ይለቀዋል፤ ፎሌ ይሉታል። አባቴም ከቁልቁለቱ አፍ ላይ «ቢስሚላህ» ብለው ፎሌ ያደርጓታል፤ ፍሬን በእግራቸው እየያዙ ይወርዳሉ። ሞተሩ በሚኒሞ ብቻ እየተንገራገረ ይወርድ ይወርድና ዋርካው ሲቃረብ ዝም ይላል። አባቴ ክብደታቸውን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ጥለው ዋርካው ስር ያቆሟታል።

የአባቴ አክስት እትዬ ሉባባ ለገበያ ሲሆን አብረውን ይወርዱ ነበር። ለአራተኛ ጊዜ እዚያው ቦታ የጠፋች ቀን ከሸራው ውስጥ ጮክ ብለው ተጣሩ።

«እንድሪስ! ይሄ ስንተኛው ነው?»

«አራተኛው ነው አክስቴ።»

«እዚሁ?»

«እዚሁ።»

«እንግዲያ ቤንዚን ቤንዚን አትበለኝ። ቤንዚን ቦታ ያውቃል? ይሄ ዋርካ ባለቤት አለው። ሰላም ሳትል እየሰነጠቅህ ስታልፍ ነው የሚይዝህ። ውረድና ፋቲሃ አድርግ።»

አንድ የሽንኩርት ነጋዴ «እኔስ ሽንኩርቴ ሳይበሰብስ መርሳ ይድረስልኝ» አለ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል! የከበዳትስ ያንተ ሽንኩርት እንደሆነ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ አንዱ ተሳፋሪ ወርዶ ከጎማው ስር ድንጋይ ደገፈ። እጅ ተዘረጋ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተብሎ ፊት ተጠረገ። አባቴ ተመልሰው ቁልፉን ሲያዞሩ በአንድ ጊዜ ተነሳች። እትዬ ሉባባ «አላልኩህም?» አሉ።

አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባላል። በየሁለት ቀኑ እዚያው ቦታ ጠፍታ፣ ዱዓ ተደርጎ አሚን ሲባል ስትነሳ የሚያይ ሰው እንዴት አያምን? እኔ ፊዚክስ የተማርኩት ልጅም አምኜ ነበር። ልማድ ሆነ። ከወልድያ ስንነሳ ለዋርካው ሰደቃ የሚሆን ዳቦና ቆሎ እንይዛለን፤ ሞተሩ ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም፤ ሰው ወርዶ ወገቡን ያፍታታል፣ ዳቦው ለአላፊ አግዳሚው ይታደላል፣ ከዚያ እንሄዳለን።

መኪናችን እዚያ እንደምትቆም ሲሰማ ደግሞ ሻጭ መጣ። መዲና ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ያሏት፣ ከመንገዱ በላይ ካለው መንደር የምትኖር ሴት። ከኔ ብዙ አትበልጥም ነበር። ሙዝና ሎሚ በሰፌድ ይዛ ከዋርካው ሥር ላይ ትቀመጥና፣ ፒካፗን ከላይ ስታይ ብድግ ብላ ወደ መንገዱ ዳር ትወጣለች። ጎማው ሳይቆም ሰፌዷ መስኮቱ ላይ ነው።

«ጋሽ እንድሪስ» ትል ነበር እየሳቀች፣ «ይቺን መኪና እንዳያሠሯት አደራ! የልጆቼ እንጀራ ናት።»

አባቴም ይስቁ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

አባቴ በዚያ ሰሞን ቤት ሲገቡ ቀኝ ጉልበታቸውን በቅባት ማሸት ጀምረው ነበር። «እርጅና መጣ» ይሉ ነበር ለእናቴ፣ «ፍሬኑ ድንጋይ ድንጋይ ይለኛል። ድሮ በጣቴ የምይዘው ነበር።» እናቴ ፌጦ ደቁሳ ታስርላቸዋለች። ጉልበታቸውን ነበር የጠረጠርነው።

እህቴ ሙሚና ለመርሳ ሰው ታጭታ ነበር። ሰርጉ ማሽላው ሲሰበሰብ እንዲሆን ተቆረጠ። የሙሽራው ወገን መኪና ስላልነበረው አባቴ «ልጄን እኔው አደርሳታለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። የዋርካው ወሬ መርሳም ደርሶ ኖሮ፣ ሽማግሌ ሆነው ከመጡት አንዱ «ሙሽራዋ ዋርካ ስር አድራ በማግስቱ ትደርስልን ይሆን?» ብሎ ቀለደ። አባቴ አልሳቁም። «በቀኑ፣ በሰዓቱ ትደርሳለች፣ ኢንሻአላህ» አሉ።

ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ሲሪንቃ ላይ ቆምን፤ ከእርሻ ምርምር ጣቢያው አለፍ ብሎ ሁለት ኬሻ የሚጭን ሰው ነበር። አባቴ ኮፈኑን ከፍተው ይነካካሉ፣ እኔ ነጂው ወንበር ላይ ነዳጁን ይዣለሁ። ፀሐዩ የጋቢናውን ብረት አግሎት ነበር። ድንገት አንዲት አህያ ከነጭነቷ ከፊታችን ስትሻገር ደነገጥኩና ግራ እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። ሞተሩ አቃሰተና ወደቀ። እግሬን ሳነሳ ተመልሶ ቀና አለ።

ደግሜ ረገጥኩ። ወደቀ። ለቀቅኩ። ተነሳ። በሦስተኛው ጊዜ ጆሮዬን ወደ ታች ሰጠሁ። ፍሬኑን ስረግጥ ከእግሬ ፊት ከብረቱ ጀርባ አንድ ነገር «ስስስ» ይላል፤ የተበሳ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ። ስለቅ ይጠፋል። አራተኛ ረገጥኩ። ያን ጊዜ ነው የዋርካው ነገር የገባኝ። ቁልቁለቱን የምንወርደው ፍሬን ተይዞ ነው፤ ስለዚህ ይጠፋል። ዱዓ ስናደርግ የእጅ ፍሬን ተስቦ የአባቴ እግር ፍሬኑ ላይ የለም፤ ስለዚህ ይነሳል። ጉዳዩ የሞተር እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ ከፍሬኑ አጠገብ አንድ ነገር ተቀዷል።

«አባዬ» አልኳቸው ሲመለሱ፣ «ሞተሩ የሚወድቀው ፍሬኑን ሲረግጡ ነው። እዚህ ውስጥ አየር የሚያስወጣ ነገር አለ። የሚከብድዎትም ለዚያ ይመስለኛል።»

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ። አልተቆጡም።

«ፍሬንና ሞተር ምን አገናኛቸው ልጄ? አብሽሪ፤ ገብሩ ያያታል።»

በማግስቱ ጋራዥ ስንሄድ አባቴ የነገርኳቸውን ለጋሽ ገብሩ እየሳቁ አወሩላቸው። ጋሽ ገብሩ ከመኪናዋ ስር ወጥተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«እሰይ! የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መካኒክ አገኘን። ልጄ፣ ሞተር በቤንዚን ይሄዳል፣ ፍሬን በዘይት ይሠራል። አንዱ ላይኛው ሰፈር፣ አንዱ ታችኛው ሰፈር። ሰላም እንኳን አይባባሉም!»

እሳቸው በወጣትነታቸው የተማሩባቸው መኪኖች ፍሬናቸው በእግር ጉልበት ብቻ የሚሠራ እንደነበር፣ የእኛዋ ግን ከሞተሩ ትንፋሽ እየሳበ እግርን የሚያግዝ ዕቃ እንዳላት ኋላ ነው የተረዳሁት። ያን ቀን ያደረጉት አንድ ነገር ነው። በመፍቻ ሚኒሞዋን ከፍ አደረጉት። እንደ ንብ ቀፎ ጮኸች። «በል አጥፋት እስኪ አሁን፣ ብትፈልግ!» አሉ። አልጠፋችም። አባቴ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉላቸው።

ለእናቴ ልነግራት ሞክሬ ነበር። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽንኩርት እየላጥን «ሙሚና በአውቶቡስ ብትሄድስ?» አልኳት።

«ምን?»

«መኪናዋ… ፍሬኑ…»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ዝም በይ። በእህትሽ ሰርግ አታሟርቺ።»

በእኛ ዘንድ ሟርት ከነገሩ ከራሱ ይብሳል። ክፉ ቢመጣ ያመጣው የተናገረው አፍ ነው። ሰርግ በደረሰ ሰሞን «ምናልባት» የሚለው ቃል እንኳ ከቤት ይወጣል። ያላገባች ታናሽ እህት ደግሞ እንዲህ ስትናገር የሚተረጎምበት ሌላ መንገድም አለ። ዝም አልኩ። ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመሰገንበት ነገር ነበር፤ ጨዋ ልጅ ይሉኝ ነበር።

ሰርጉ የዋለበት ቀን ሰማዩ አንድ ደመና አልነበረበትም። ጋቢና አባቴ፣ መሐል ተሸፋፍና ሙሚና፣ ዳር እኔ። ኋላ እናቴ፣ እትዬ ሉባባና ከበሮ የያዙ ዘመድ ሴቶች፤ የሙሚና ሣጥን፣ ፍራሽ፣ ሁለት ጆንያ ጤፍ። ያን ያህል ተጭና አታውቅም። ሲሪንቃ ስንደርስ ግራና ቀኝ ያለው ማሽላ ቀይ ራሱን ደፍቶ፣ ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ ሆነው እልል አሉልን። ሙሚና እጄን ይዛ ነበር፤ መዳፏ ላብ በላብ።

የቁልቁለቱ አፍ ላይ አባቴ «ቢስሚላህ» አሉና ማርሹን አወጡት።

አፌን ከፈትኩ። ኋላ ያሉት ሴቶች የሙሽራ ዘፈን ያዙ። ሙሚና ወደኔ ዞር ብላ ከመሸፈኛዋ ስር ፈገግ አለች። አፌን ዘጋሁ።

ወረድን። ሌላ ጊዜ መንተፋተፍ የምትጀምርበትን ቦታ ስናልፍ ሞተሩ ይዘምራል። አባቴ ፊታቸው በራ፤ «አየሽ? ገብሩ ሠራት!» አሉኝ። ሚኒሞው ከፍ ስላለ ዘግይታ ነው የጠፋችው። ዘግይታ ማለት ከታች፣ ፍጥነት ከያዘች በኋላ ማለት ነው። አንዴ አስነጠሰች፣ ከዚያ ጸጥ። ንፋሱና የጎማው ድምፅ ብቻ።

አባቴ ፍሬኑን ረገጡ። አልገባም። ሁለተኛ ረገጡ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ጀርባቸውን ወደ ኋላ ገፍተው በሁለት እግራቸው ቆሙበት። የአንገታቸው ሥር ሲገተር አየሁ። መኪናዋ ሄደች።

ኋላ ያሉት የሞተሩን ዝምታ ሰምተው ለምደውታል። ከበሮው ቆመ። የእትዬ ሉባባ ድምፅ «ደረስን፤ እጃችሁን ዘርጉ» ሲል ሰማሁ። ዱዓው ተጀመረ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «አሚን» ይላሉ፣ መኪናዋ ትፈጥናለች። «አሚን» ይላሉ፣ ትፈጥናለች።

መዲና አየችን። ከዋርካው ሥር ብድግ አለች። ሙሽራ እንደምናልፍ ታውቅ ስለነበር ነጭ ለብሳ ነበር። ሰፌዷን ትታ ትልቁን የሙዝ ዘለላ ብቻ በሁለት እጇ አቀፈች፤ ለሙሚና ልትሰጥ። እንደ ወትሮዋ እየሳቀች ወደ መንገዱ ወጣች፣ ሁልጊዜ ወደምንቆምበት ቦታ።

«ማርሽ አስገባ! አባዬ፣ ማርሽ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴን በዕድሜዬ አንተ ያልኳቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት። አባቴ ማርሹን ሲያስገቡት መኪናዋ ጮኸች፣ ሞተሩ ከጎማው ጉልበት ተነሳ፣ ወገቧ ተናጠ፣ ፍጥነቷም ቀነሰ። ግን መታጠፊያው ደርሶ ነበር። ወዲያ ገደል ነው፣ ወዲህ ዋርካው። አባቴ መሪውን ወደ ዋርካው አዞሩ። ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አሥራ አንድ ሰው ነበርን።

ስትቆም ኋላ አንዲት ሴት ነገሩ ሳይገባት «አሚን» ብላ ጨረሰች።

ሙሚና ግንባሯ ተፈነከተ። የእናቴ ክንድ ወለቀ። መዲና በመኪናዋና በዋርካው ሥር መሐል ነበረች። መኪናዋን ወደ ኋላ ገፍተን መዲናን አወጣናት፤ በሚያልፍ የጭነት መኪና ወደ ወልድያ አሳፈርናት። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲሪንቃ ሳንደርስ አረፈች።

ኒካሑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ከበሮ ታሰረ። ሽማግሌዎች የመዲናን ወንድሞችና አባቴን አስታረቁ፤ «የአላህ ቀዳ ነው፤ የተጻፈ አይቀርም» ተባለ፣ የጨነቀው ሁሉ በዚህ ተጽናና። እትዬ ሉባባ ግን ሌላ አሉ። ዋርካው ዓይኑን የጣለው ሙሽራዋ ላይ ነበር፣ መዲና ቤዛ ሆና ወደቀች አሉ። ይህ ወሬ ከቀዳውም ይበልጥ ተሰራጨ።

ጋሽ ገብሩ መኪናዋን የፈቱት ብቻቸውን ነው። ከፍሬኑ ጀርባ ካለው፣ እግርን ከሚያግዘው ክብ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀደደ ጎማ አወጡና አስጠሩኝ። ጣታቸውን በቀዳዳው ውስጥ አሳልፈው አሳዩኝ። ፂማቸው ርሶ ነበር።

«ተናግረሽ ነበር ልጄ» አሉ።

«መበላሸቱን ይንገሯቸው። እኔ መናገሬን ግን አያንሱባቸው» አልኳቸው።

ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አላርፍ ያለ መኪና ሲመጣላቸው ኮፈን ሳይከፍቱ መጀመሪያ ፍሬኑን ይረግጡ ነበር ብለው ሠራተኞቻቸው ነግረውኛል።

አባቴ መሪ አልጨበጡም። ወደ መዲና ልጆች ግን በየሳምንቱ ጁምዓ ይሄዱ ነበር፣ በአውቶቡስ፣ ትልቋ እስክትዳር ድረስ። ስለዚያ ቀን ከእኔ ጋር ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ታመው ሳሉ፣ ውሃ ሳጠጣቸው እጄን ያዙ። ሙሚናም እዚያው ነበረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ያኔ፣ ሲሪንቃ… ስለ ፍሬኑ ነግረሽኝ ነበር? ወይስ ኋላ የሰማሁት ነው የሚመጣብኝ?»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«አልነገርኩዎትም አባዬ። እኔም አላወቅኩም።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ሳምንት አልቆዩም።

አሁን አባቴም እናቴም የሉም፤ ጋሽ ገብሩም እትዬ ሉባባም የሉም። መንገዱ ሲሰፋ ዋርካው ተቆርጧል። ወጣቶቹ ነጂዎች ግን እዚያ ሲደርሱ ዛሬም ክላክስ ያሰማሉ፤ ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ አያውቁም። ሙሚና ለልጅ ልጆቿ ስታወራው እኔን እያሳየች «ዘሃራ እንኳ ያን ሁሉ ተምራ ምንም አላወቀችም፤ የቦታው ነገር ነው» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። አላርማትም። ባርማት የአባቴን ሰላም ነው የምነካው፣ እሳቸው ቢሞቱም።

ለአባቴ የመለስኩት መልስ አይጸጽተኝም። ሐሰት ነበር፤ የሚያሳርፍ ሐሰት ነበር። ሰው ግን ቁልቁለት ሲወርድ ሞተር ባጠፋ ቁጥር የሚመጣብኝ ሌላ ነው። ሰርጉ እስኪደርስ አሥር ቀን ነበረን። ለአባቴ የነገርኳቸው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።